የካውንስል ላይሰንስ ቢሮ ሪቪው፦ ለበር ውስጥ 4 ኮከብ፣ ለመንገድ ዳር 2

ሰው ሁሉ ስለ ምግብ ቤት ሪቪው ይጽፋል፣ ክትፎው ቀዘቀዘ፣ እንጀራው ኮመጠጠ፣ አስተናጋጇ ፊቷን አጠቆረች ምናምን እያለ፣ ምግብ ቤቱን ክፈቱ ወይ ዝጉ የሚለውን ቢሮ ግን ሪቪው ያደረገ ሰው አላየሁም፣ እስቲ ዛሬ እኔ ላድርገው። እኔና እህቴ ለንደን ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ሬስቶራንት አለችን፣ አክስታችን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንገድ ገበያ ላይ ስቶል ዘርግታ ሽሮ፣ ምስርና ሳምቡሳ ትሸጣለች፣ ሁላችንም ፈቃድ የምናወጣው ከአንድ ካውንስል፣ ማለትም ከአንድ የአካባቢ መስተዳድር ነው። የቱ ካውንስል እንደሆነ አልጽፍም፣ ነገም ደጃቸው መቆሜ አይቀርም።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ለሬስቶራንቱ ላይሰንስ አራት ኮከብ፣ ለመንገዱ ሁለት። ያው አንድ ቢሮ ነው፣ ስልኩም አንድ ነው፣ አንዳንዴ እንዲያውም የምታነሳው ኦፊሰር ራሷ ያቺው ናት፣ ግን በር ውስጥ ስትሆኑ ሕጉ መብት ይሰጣችኋል፣ ከበሩ ወጥታችሁ አስፋልቱ ጋ ስትቆሙ ደግሞ በደግነታቸው የምትኖሩ እንግዳ ትሆናላችሁ።

ከሬስቶራንቱ ልጀምር። እዚህ መጠጥ መሸጥም፣ ሙዚቃና ሌላ መዝናኛ ማዘጋጀትም፣ በፈረንጅ ሰዓት ከማታ 11 እስከ ጠዋት 5 ትኩስ ምግብና ትኩስ መጠጥ መሸጥም በአንድ ሕግ ነው የሚሄደው፣ የ2003ቱ የላይሰንሲንግ ሕግ ይባላል፣ እንግሊዝና ዌልስ ላይ ከኖቬምበር 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ከዚያ በፊት የመጠጡን ፈቃድ የሚሰጡት የማጂስትሬት ዳኞች ነበሩ፣ አሁን ሁሉም ካውንስል እጅ ገብቷል። የማመልከቻው ክፍያ እንደ ቤቱ የታክስ ግምት ነው፣ ከ100 ፓውንድ ይጀምርና 635 ድረስ ይሄዳል፣ እኛ ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ ስላለን 190 ከፈልን፣ ከዚያ በየዓመቱ 180። እነዚህ ዋጋዎች ከ2005 ጀምሮ ንቅንቅ አላሉም፣ ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት ያልጨመረ ነገር ካለ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ግን በዋጋው አትታለሉ፣ ማመልከቻውን በአካባቢ ጋዜጣ ማስነገር ግዴታ ነው፣ ለኛ ከማመልከቻው በላይ ያስወጣን እሱ ጋዜጣ ነው፣ ማን እንደሚያነበው ደግሞ እግዜር ይወቀው።

ከጋዜጣው ሌላ ሰማያዊ ወረቀት አለ። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ኤ4 ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ ፊደሉ መጠን 16 እና ከዚያ በላይ፣ ከውጪ በሚነበብበት ቦታ 28 ቀን ተለጥፎ መቆየት አለበት፣ ዝናብ ካጠበው ወይም አንዱ ከገነጠለው ጣጣው የእናንተ ነው። እኛ ከሜኑው አጠገብ መስታወቱ ላይ ለጠፍነው፣ ሰዉ ደግሞ ከሩቅ ሲያየው የመዝጊያ ትእዛዝ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ደንበኞቻችን እየገቡ "ምነው፣ ሊዘጓችሁ ነው እንዴ?" ይሉን ነበር፣ አንዲት እናትማ አጽናኑንና ሁለት በያይነቱ ቴክአዌይ ይዘው ሄዱ፣ በሐዘኔታ።

አራት ኮከብ የሰጠሁበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። በዚህ 28 ቀን ውስጥ ፖሊስም፣ ኢንቫይሮመንታል ሄልዝም (የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል)፣ ጎረቤትም ካልተቃወመ ካውንስሉ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ደስ አላለንም ማለት አይችሉም። ተቃውሞ ቢመጣም ከአራት ነገሮች በአንዱ ላይ ካልቆመ ዋጋ የለውም፦ ወንጀልና ረብሻን መከላከል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ የሕዝብ መረበሽን መከላከል፣ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። እኛ ላይ ሁለት ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። አንደኛው "መንገዱ ላይ ምግብ ቤት በዝቷል፣ ሌላ አያስፈልግም" የሚል፣ እሱን ወዲያው ወደ ጎን አደረጉት፣ ምግብ ቤት በዝቷል አልበዛም የላይሰንስ ጉዳይ አይደለም። (ይቺን ያዙልኝ፣ መንገዱ ጋ ስንደርስ እመለስባታለሁ።) ሁለተኛው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው፣ ድምፅ ፈርተው፣ እውነታቸውን ነው፣ ወለሉ እንጨት ነው። ስለዚህ ሂሪንግ ተጠራ።

ሂሪንግ የሚባለው ነገር ስሙ ያስፈራል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይደለም። ሦስት ካውንስለሮች ይቀመጣሉ፣ ማለትም ሕዝብ የመረጣቸው እንጂ ተቀጣሪ አይደሉም፣ አጠገባቸው አንድ ጠበቃና ጸሐፊ፣ ከዚህ እኛ ከዚያ ጎረቤታችን፣ ለሁለታችንም እኩል ደቂቃ ተሰጠን። እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ንግግር ስታጠና አድራ ነበር፣ እነሱ ግን የጠየቁት ሌላ ነው። አንደኛዋ ካውንስለር ማመልከቻው ላይ ከበሮ የሚል አይታ "ይሄ ነገር ምን ያህል ይጮኻል?" አለች፣ እህቴ ስልኳን አውጥታ የአጎታችንን ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ከፈተችላት፣ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ ጎረቤታችንም አዩ፣ ቪዲዮው ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት እልልታው ቀለጠ። እኔ በቃ ተበላን ብዬ ነበር። ፈቃዱ ተሰጠን፣ ግን ከኮንዲሽኖች ጋር፦ በፈረንጅ ማታ 9 ሰዓት መስኮትና የኋላ በር ይዘጋ፣ ሰው ሲወጣ በጸጥታ ውጡ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ስፒከሩ ላይ ሊሚተር ይገጠም።

ስለ ሊሚተሩ ትንሽ ላውራ። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ሳጥን ናት፣ የተወሰነ ድምፅ ድረስ አረንጓዴ፣ ሲጠጋ ብርቱካን፣ ሲያልፍ ቀይ፣ ቀይ ትንሽ ከቆየ ኤሌክትሪኩን ቆርጣ ስፒከሩን ዝም ታሰኛለች። በዘፈን ምንም አትልም፣ እስክስታው ሞቆ ሰው መሬቱን መርገጥና ማጨብጨብ ሲጀምር ግን ማይኳ ሁሉንም ትሰማለች፣ ቀይ ታበራለች። አሁን ደንበኞቻችን ለምደዋት ቀይ ስትበራ ሁሉም ባንድ ላይ "ሽሽሽ" ይላል፣ ትከሻ ብቻ ይቀጥላል። ለጎረቤታችን በዓመት በዓል ድፎ እንልካለን፣ ከዚያ ወዲህ ለካውንስሉ አንድም ኢሜይል አልጻፉም፣ ድፎው ይሁን ሊሚተሩ አላውቅም።

ብዙ ሐበሻ የማያውቀው፣ ሙዚቃ ሁሉ ፈቃድ አይፈልግም። በ2012 የወጣ የላይቭ ሙዚቃ ሕግ አለ፣ በ2015 ደግሞ ሰፋ፣ በዚያ መሠረት መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋት 8 እስከ ማታ 11 ድረስ እስከ 500 ሰው ፊት ላይቭም ይሁን ሲዲ ሙዚቃ ያለ ተጨማሪ የመዝናኛ ፈቃድ ማሰማት ይችላል። ያለ ማይክና ያለ ስፒከር የሚጫወት ከሆነማ መጠጥ የማይሸጥ ቤትም ቢሆን በነዚያ ሰዓታት የትም ቦታ ይቻላል፣ ማለትም አዝማሪ በማሲንቆ ብቻ ካፌያችሁ ገብቶ ቢያወድሳችሁ የካውንስል ፈቃድ አያስፈልገውም። ታዳሚው ተነስቶ ቢጨፍርም እንደዚያው። ግን ይሄ የሙዚቃ ባለመብቶች ክፍያን አይመለከትም፣ እሱ ፒፒኤል ፒአርኤስ ለሚባለው ድርጅት የሚከፈል ሌላ ላይሰንስ ነው፣ ካውንስሉ አያገባውም። ሰው ሁለቱን እያምታታ ወይ ሁለቴ ይደነግጣል ወይ አንዱን ይረሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የኛ ሰው ማወቅ ያለበት የፋሲካውን ነገር ነው። ቅዳሜ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጾሙን ሊፈታ የሚመጣ ሕዝብ አለ አይደል፣ ሁለት ወር ሙሉ ዶሮ ወጥ ሲያልም የከረመ፣ በፈረንጅ ሌሊት 3 ሰዓት ምናምን በር ያንኳኳል። እዚያ ሰዓት ላይ ትኩስ ዶሮ ወጥ መሸጥ፣ አንድ ስኒ ትኩስ ቡና እንኳ መሸጥ፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ11 እስከ 5 ያለው ነገር ማለት ይሄ ነው። ቀዝቃዛ ምግብ አይነካውም፣ ግን ፋሲካ ሌሊት ቀዝቃዛ ዶሮ ወጥ የሚያቀርብ ሰው ሌላ ፍርድ ይጠብቀዋል። በነጻ ከሰጣችሁም ፈቃዱ አያስፈልግም፣ ለዚህ ነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በነጻ የሚበላው ችግር የማያመጣው። መሸጥ ከፈለጋችሁና መደበኛ ላይሰንሳችሁ እዚያ ድረስ ካልሄደ መፍትሔው ቴን ነው፣ ጊዜያዊ የዝግጅት ማሳወቂያ ማለት፣ 21 ፓውንድ፣ ሠራተኛውን ጨምሮ እስከ 499 ሰው፣ ኦንላይን ሞልታችሁ ትልካላችሁ። ሊቃወሙት የሚችሉት ፖሊስና ኢንቫይሮመንታል ሄልዝ ብቻ ናቸው፣ ሦስት የሥራ ቀን አላቸው፣ ዝም ካሉ አለቀ፣ ማንንም አትለምኑም። ለኔ ካውንስሉ ከሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው፣ በራሱ አምስት ኮከብ ነበር የሚገባው።

ብቻ ቀኑን ጠንቅቃችሁ ቁጠሩ። አሥር ሙሉ የሥራ ቀን በፊት መድረስ አለበት፣ የደረሰበት ቀንና የዝግጅቱ ቀን አይቆጠሩም፣ ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም፣ ባንክ ሆሊዴይም (ሥራ የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል) አይቆጠርም፣ ችግሩ የነሱ ስቅለትና የፋሲካ ማግስት ሰኞ ባንክ ሆሊዴይ መሆናቸው ነው። የ2026ቱን ውሰዱ፣ የኛ ፋሲካ ኤፕሪል 12፣ የነሱ ኤፕሪል 5፣ ሁለቱም በዓላቸው ቆጠራው መሃል ይገባሉ፣ ስለዚህ ለቅዳሜ ሌሊቱ ቴኑ እስከ ማርች 25 መግባት ነበረበት ማለት ነው፣ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት በፊት እልካለሁ ብሎ ይቀመጣል። ከዘገየ የዘገየ ቴን የሚባል አለ፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሥራ ቀን፣ ግን እሱ ላይ ፖሊስ አንድ ቃል ከተቃወመ ሂሪንግ የለም፣ በቃ ቀረ። ዶሮው ተገዝቶ ሽንኩርቱ ተከትፎ ካለቀ በኋላ ይሄ እንዲመጣባችሁ አትፈልጉም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለምንድነው? ፈቃዱን ማግኘቱ መብት ቢሆንም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ካውንስሎች መጠጥ ቤት የበዛበትን አካባቢ ለይተው እዚያ ውስጥ አዲስ ማመልከቻ ሲመጣና ተቃውሞ ሲቀርብ አይሆንም ወደሚለው የሚያጋድል ፖሊሲ ያወጣሉ፣ ዌስት ኤንድ አለ፣ ሾርዲችና ዳልስተን አለ፣ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት የምትገቡበት ሰፈር እዚያ ውስጥ መሆን አለመሆኑን የካውንስሉን የላይሰንሲንግ ፖሊሲ ከፍታችሁ እዩ፣ አከራዩ አይነግራችሁም። ደግሞ ላይሰንስ ማግኘት ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ፖሊስም ጎረቤትም ሪቪው ይደረግ፣ ማለትም ፈቃዱ እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፋብሪክ የሚባለውን ትልቁን ክለብ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሁለት ወጣቶች በአደንዛዥ ዕፅ ከሞቱ በኋላ ሴፕቴምበር 2016 ላይ የኢዝሊንግተን ካውንስል ኮሚቴ ላይሰንሱን ነጠቀው፣ ይግባኙ ሳይሰማ ኖቬምበር ላይ ብዙ አዳዲስ ኮንዲሽን ተቀብሎ ተስማማ፣ ጃንዩዋሪ 2017 ተከፈተ። ለትልቅ ክለብ ጠበቃ አለ፣ ሕዝብም ገንዘብ አዋጣለት። ለኛ ቢጤው 21 ቀን ውስጥ ማጂስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ወረቀት ላይ ያለ መብት ነው፣ የጠበቃው ሂሳብ ግን ዓመቱን ሙሉ የሸጥነውን ሽሮ ይበላል።

ደሞ የኛ ዓይነት ሙዚቃ ሲባል ድሮ የነበረውን ትልልቆቹ ያስታውሳሉ፣ ፎርም 696 የሚባል የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ወረቀት ነበር፣ መጀመሪያ ላይ የሙዚቃውን ዓይነትና የታዳሚውን ዘር ሳይቀር ይጠይቅ ነበር፣ የጥቁር ሙዚቃ ላይ ያነጣጠረ ነው ተብሎ ስንት ከተጮኸ በኋላ ኖቬምበር 2017 ተሰረዘ። አሁን ማንም እሱን ሙሉ ብሎ አይልካችሁም። ይሄ መሻሻል ነው፣ መመስገን አለበት።

እሺ፣ ወደ መንገዱ እንውጣ።

አክስቴ አዲስ አበባ እያለች ከደንብ አስከባሪ ጋር ድብብቆሽ ስትጫወት የኖረች ሴት ናት፣ እዚህ መጥታ ፈቃድ የሚባል ነገር በእጇ ስታገኝ ላሚኔት አስደርጋ ስቶሏ ላይ ሰቀለችው፣ ከማርያም ስዕል ቀጥሎ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ኢንስፔክተሩ መጥቶ ሲያነብ "ልጄ፣ ደንብ አስከባሪ እዚህም አለ እንዴ?" አለችኝ። አለ እትዬ፣ ሚዛን አይቀማም እንጂ አለ።

ለንደን ውስጥ የአብዛኛው ቦሮ (እንደኛ ክፍለ ከተማ በሉት) የመንገድ ንግድ በ1990 በወጣ የለንደን ሕግ ነው የሚተዳደረው። ለአክስቴ የተሰጣት ጊዜያዊው ነው፣ አንድ ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ቢበዛ ስድስት ወር። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሚሸጠው ዕቃ ዓይነት ይጻፍበታል፣ ከዚያ ውጪ ውልፊት የለም። የበሰለ ምግብ ነው የሚለው፣ እሷ ደግሞ የቤቷን በርበሬ በትንንሽ ላስቲክ አሽጋ ከሽሮ ድስቱ ጎን ደርድራ ነበር፣ ሰው ወጡን ቀምሶ "ይሄን ቅመም ከየት ላግኝ?" ስለሚላት። ኢንስፔክተሩ አንዷን ላስቲክ አነሳ፣ ገለበጠ፣ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ "ይሄ ፈቃድሽ ላይ የለም" አላት። በርበሬዋን ሰብስባ ዘንቢል ውስጥ ከተተች። ለማስጨመር ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ጥበቃ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አሁን መጣች። ሬስቶራንት ላይ "በቂ አለ" ብሎ መከልከል አይቻልም ብያለሁ አይደል፣ መንገድ ላይ ግን "ይሄን ዕቃ የሚሸጥ በቂ ነጋዴ አለ" ማለት ሕጉ ራሱ የሚያውቀው የመከልከያ ምክንያት ነው። አክስቴ በሳምንት ሁለተኛ ቀን ስትጠይቅ የመጣላት መልስ ሁለት መስመር ነው፣ ገበያው ላይ የአፍሪካ ምግብ በበቂ ሁኔታ አለ የሚል። ያለው አንድ የጋና ጆሎፍ (የሩዝ ምግብ ነው) ስቶል ነው! ጆሎፉ ጎበዝ ነው፣ ሰውየውም ወዳጃችን ነው፣ ግን ጆሎፍና ሽሮ አንድ ዕቃ ናቸው ያለ ሰው ሁለቱንም አልቀመሰም። እዚያው ገበያ ላይ በርገር የሚሸጡት ስንት እንደሆኑ ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ፣ ለነሱ አንዱ አሜሪካን ነው፣ አንዱ ጐርሜ ነው፣ አንዱ ቪጋን ነው፣ ለኛ ግን አንድ አህጉር አንድ ድስት። ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ለዚህች ደብዳቤ ነው፣ እንዲያውም ኢንስፔክተሩ ሰው ባይሆን ኖሮ አንድ ነበር።

ማንቸስተር ያለች ጓደኛችን ደግሞ የባሰ ነው የምትለው። ከለንደን ውጪ የ1982 ሕግ ነው፣ እዚያ ኮንሰንት የሚባል ዓይነት ፈቃድ አለ፣ ከአሥራ ሁለት ወር አይበልጥም፣ ካውንስሉ በፈለገ ጊዜ መሰረዝ ይችላል፣ ቢከለክላችሁ ፍርድ ቤት ሄዶ ይግባኝ የሚባል መስመር በሕጉ ውስጥ የለም። ያለ ፈቃድ መነገድ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ዘመድ ሁሉ ምክር አያጣም መቼም፣ አንዱ መጥቶ ለአክስቴ "የፔድለር ሰርተፍኬት አውጪ፣ ከፖሊስ ነው፣ 12 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ብቻ ነው" አላት፣ ልክ ነው፣ የ1871 ሕግ ነው፣ አሁንም ይሰራል፣ ግን ፔድለር በእግሩ እየዞረ ነው የሚሸጠው፣ የጋዝ ምድጃና የሽሮ ድስት ተሸክማ ለንደንን ልትዞር ነው?

ሌላ ወጥመድ፣ "የራሴ ደጃፍ ነው" የሚባለው። በለንደኑ ሕግ ከመንገዱ ወይም ከእግረኛ መሄጃው በ7 ሜትር ውስጥ ያለ፣ ያልታጠረና ሰው ሳይከፍል የሚገባበት ቦታ እንደ መንገድ ይቆጠራል፣ የግላችሁ ቢሆንም። ሬስቶራንታችሁ ፊት ለፊት ጠረጴዛ አውጥታችሁ ሳምቡሳ መሸጥ የመንገድ ንግድ ነው። ለደንበኛ ወንበርና ጠረጴዛ ማውጣት ብቻ ከሆነ ፔቭመንት ላይሰንስ የሚባለው ይሻላል፣ በኮቪድ ጊዜ በ2020 የመጣ ነው፣ ከማርች 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል፣ ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከ500 ፓውንድ፣ ለእድሳት ከ350 ማለፍ አይችልም፣ ካውንስሉ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ይሄ የመጨረሻው ነገር ለመንገድ ነጋዴም ቢኖር ኖሮ እኮ።

የኦንላይን ሲስተማቸውን በተመለከተ፣ ለሬስቶራንቱ ይሰራል፣ ለስቶሉ ፎቶ ስትጭኑ ይጨናነቃል፣ ስልክ ሰኞ ጠዋት አትደውሉ፣ ኢሜይል ላይ ሁሌም የማመልከቻ ቁጥሩን ርዕሱ ላይ ጻፉ። ኢንሹራንሱን፣ የጋዝ ሰርተፍኬቱን፣ የምግብ ንግድ ምዝገባውን (እሱ ነጻ ነው፣ ሥራ ከመጀመራችሁ 28 ቀን በፊት ነው መደረግ ያለበት) ባንድ ፋይል አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ አንዷ ከጎደለች ማመልከቻው ተመልሶ ወረፋው መጨረሻ ይሄዳል።

የአክስቴን የሁለተኛ ቀን ጥያቄ ድጋሚ አስገብተናል፣ በዚህኛው "የአፍሪካ ምግብ" የሚለውን ሳጥን ትተን የጾም የኢትዮጵያ ምግብ፣ ከግሉተን ነጻ የጤፍ እንጀራ ብለን ከነፎቶው ሞላን፣ የጆሎፉ ወዳጃችንም አንወዳደርም ብሎ ደብዳቤ ጻፈልን። በርበሬውንም አብረን ጠይቀናል። መልሱ ሲመጣ ኮከቡን ከፍ ወይ ዝቅ አደርገዋለሁ።